በጠላ ጋን የተዘፈዘፈ ከርከዴ

መቼ እንደነበር ልኩን አላስታውስም። ዓመቱን ብትጠይቁኝ አንዴ ይሄ ነው፣ አንዴ ያ ነው እላችኋለሁ፤ ስንዱ አጠገቤ ብትኖር ታርመኝ ነበር። ሁዳዴ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ቅዳሜ እንደነበርም አውቃለሁ። የአሶሳ ሙቀት ትከሻ ላይ እንደተጫነ ጆንያ የሚከብድበት ወቅት ነው፤ የግቢዬ ማንጎ የመጀመሪያ ፍሬውን መጣል ጀምሯል፤ እኔም አላነሳውም፣ እዚያው ወድቆ ይበሰብሳል። የቀረው ተደባልቆብኛል። ያን ቀን ሳስበው ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣብኝ የጌሾ ሽታ ነው።

ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልንገራችሁ። ወሎዬ ነኝ፤ ስሜ መንገሻ ነው። በድርቁ ጊዜ ገና ጎረምሳ ሳለሁ በመኪና ተጭነው እዚህ ከተራገፉት ሰዎች አንዱ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ አትፍረዱብኝ። በሰፈራው መንደር አረስኩ፤ አለምነሽን እዚያው አገባሁ። ኋላ አሶሳ ከተማ ዳር ቦታ አገኘንና ቤት ሠራን፤ ለውዝና ሰሊጥ እየነገድን ኖርን። እግዜር የሰጠን አንድ ልጅ ስንዱን ነው።

አለምነሽ ቤቷ ሰው ካልገባ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች። ጠላ ትጠምቃለች፤ ለእስላም ጎረቤቶቻችን ደግሞ ያልፈላ የማር ብርዝ ታዘጋጃለች። እኔ ሥራዬ ወንበር ላይ መቀመጥና «ጠጡ እንጂ፣ ምነው!» ማለት ነበር። ማድ ቤት ገብቼ አላውቅም። በኛ ዘመን ወንድ ልጅ ማድ ቤት ገባ ማለት ምን ጠፋበት ያሰኛል።

እሷ ከሞተች በኋላ ቤቱ ተዘጋ። እኔ ልዝጋው ብዬ አይደለም። ለቅሶው አለቀ፣ ወንበሩ ለእድሩ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ማንንም ግባ ማለት አቃተኝ። ግባ ካልኩ የምሰጠው የለኝማ። ጓደኛዬ አያ እሸቱ እንኳ፣ ከወሎ ጀምሮ አብረን የመጣን ሰው፣ በር ላይ ቆሞ አውርቶኝ ይመለሳል። እየቆየ እሱም ቀነሰ።

ስንዱ ጾሬ፣ የስደተኞቹ ጣቢያ ነው የምትሠራው። ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ትሄዳለች፣ ማታ አቧራ ለብሳ ትመጣለች። ለሁለታችን ታበስላለች፣ ዝም ብለን እንበላለን፣ እንተኛለን። አንድ ማታ ግን እንጀራውን ቆርሳ ወደ አፏ ሳትወስድ ያዘችው።

«አባዬ፣ ጅጅጋ ጠርተውኛል።»

«ማን?»

«መሥሪያ ቤቱ። ሹመት ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ ነው።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አንተን።»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ምንም አልሆንክ። እሱ ነው ችግሩ። እማዬ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ከእኔና ካንተ ሌላ ውሃ የጠጣ ሰው አለ? እኔ ብሄድ ከማን ጋር ትበላለህ? ከማን ጋር ታወራለህ?» ቁራሹን ሳህኑ ላይ መለሰችው። «አልሄድም ብያቸዋለሁ። እስከ ሰኞ አስቢበት አሉኝ እንጂ።»

ልጄን አየኋት። ከዕድሜዋ በላይ ትከሻዋ ዝቅ ብሏል። የኔ ድካም ወደ እሷ ሲጋባ ያየሁት ያን ማታ ነው።

«ቅዳሜ ሰው እጠራለሁ» አልኳት። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ሳቀች። «ማን ሊሠራ?»

«እኔ።»

«አንተ?» ሳቋ ቆመ። አየችኝ። «እሺ። ጎረቤት ሴት ጠርተህ አታሠራም፣ ከሆቴል አታዝም፣ እኔም እጄን አላስገባም። ሰው እዚህ ገብቶ፣ ካንተ እጅ በልቶና ጠጥቶ ከወጣ፣ ሰኞ እሺ እላቸዋለሁ። ካልሆነ ግን አባዬ፣ ዳግመኛ ሂጂ እንዳትለኝ።»

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው። የልጄ መንገድ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ተንጠለጠለ።

በማግስቱ ለውዝ ወደማቀርብበት ሆቴል ሄድኩ። እዚያ ብሩክ የሚባል አስተናጋጅ አለ፤ ጨዋታ አዋቂ ልጅ ነው።

«ብሩክ፣ ለእንግዳ የሚሆን ቀላል ነገር አስተምረኝ። ጠላ መጥመቅ አልችልም። ሥጋ እንዳልል ሁዳዴ ነው፤ ደግሞ ከሚመጡት ግማሾቹ እስላም ናቸው።»

«ኮክቴል ነዋ አባባ!»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ድብልቅ ማለት ነው።»

«ታዲያ ድብልቅ አትልም?»

«ድብልቅ ብለን ብንጽፍ ማን ያዘናል!» ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አደረገና ወደኔ ጎንበስ አለ። «ሦስት ነገር ይያዙ። አንድ ጣፋጭ፣ አንድ ኮምጣጣ፣ አንድ የሚያቃጥል። ሌላው ቀለም ነው። ሰዎች አልኮል ይጨምሩበታል፤ እርስዎ ይተውት። ከርከዴ፣ ያን ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ይዘፍዝፉ፣ ማር ይጨምሩ፣ ሎሚ ይጭመቁ፣ ዝንጅብል ይቀጥቅጡ። በቃ!»

«የሚበላውስ?»

«በጣት የሚነሳ ይሁን። ሳህን የታቀፈ እንግዳ ጠግቦ ቶሎ ይሄዳል። በጣቱ የሚያነሳ ግን ያወራል።»

ይሄን ንግግሩን እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። የተቆላ ለውዝ በጨውና በሚጥሚጣ አለኝ። ጠንከር ያለ ማንጎ በቁመቱ ቆርጦ ሎሚ ማንጠባጠብ አለኝ። ስኳር ድንች ቀቅሎ፣ በክብ በክቡ ቆርጦ፣ የተወቀጠ ለውዝ ላዩ ላይ መነስነስ። ጾመኛውም እስላሙም የሚያነሳው ነው።

«መጠጡ ግን ቀዝቃዛ መሆን አለበት» አለኝ።

«መብራቱን ታውቀዋለህ፤ አንድ ቀን አለ፣ አንድ ቀን የለም።»

«እንግዲያው ሸክላ ውስጥ ያሳድሩት። ሸክላን የሚያህል ፍሪጅ የት አለ?»

ዓርብ ዕለት ማድ ቤት ገባሁ። በሩ ላይ ትንሽ ቆምኩ፤ ሰው ቤት እንደሚገባ ሰው። ሁለት ጋን ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አለምነሽ እንዳስቀመጠቻቸው ናቸው። አንዱ ባዶ ነው። ሌላው ውስጥ ስንዱ ለዘር ያልኩትን ለውዝ ሞልታበታለች፤ አንገቱ ላይ የደበዘዘ ቀይ ክር ታስሯል። ያን ክር ለዓመታት ከበሩ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ አለምነሽ ስንጥቅ የያዘችበት ይመስለኝ ነበር። ባዶውን ያነሳሁት ባዶ ስለሆነ ብቻ ነው፤ ሌላ ሐሳብ የለኝም። በግራዋ ቅጠል ደጋግሜ አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ ገለበጥኩት። ከርከዴውን ዘፈዘፍኩ፣ ያለኝን ማር ሁሉ ገለበጥኩበት፣ አለምነሽ በጠለፈችው ጨርቅ ሸፈንኩት። ወገቤ ተቆረጠ። ያም ሆኖ ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ በምክንያት ደክሞኝ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ለውዝ ስቆላ ስንዱ በረንዳው ላይ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ የሆነ ነገር ይሸተኛል።»

«ለውዝ ነው።»

«ለውዝ ነበር በል።»

የመጀመሪያው እፍኝ አርሯል። ሁለተኛው ደህና ሆነ። ስኳር ድንቹን ቀቀልኩ። እኩለ ቀን አለፍ ሲል የጋኑን ጨርቅ ገለጥ ባደርግ አረፋ አውጥቷል። ደስ አለኝ! ሆቴል ውስጥ ጋዝ ያለውን ለስላሳ እንዴት እንደሚወዱት አይቻለሁ። በጣሳ ቀድቼ ቀመስኩ፤ ጣፋጭ ነው፣ ትንሽ ሞቅ ያደርጋል። ዝንጅብሉ ነው ብዬ አለፍኩት። ዝንጅብሉን ግን ገና አልጨመርኩም ነበር።

የጠራኋቸው እንግዶች የሚመጡት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ስንዱ የሥራ ጓደኞቿን ልታመጣ ወጣች። እኔ ማንጎ ልቆርጥ ቢላ ስፈልግ፣ በአጥሩ ክፍተት ጎረቤታችን በርጩማ ተሸክማ ገባች። የዚሁ አገር የበርታ ብሔረሰብ ሴት ናት፤ የበኩር ልጇ አልአሚን ስለሚባል ሰፈሩ ሁሉ የአልአሚን እናት ይላታል፣ እኔም እንደዚያው። እሷም እኔን የስንዱ አባት ትለኛለች። አጥር ተጋርተን ልጆች አሳድገናል። አማርኛዋ እንደራሷ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ታደርገዋለች። እኔም በሷ ቋንቋ ከሰላምታ አላልፍም፤ ስለዚህ እኩል ነን።

«የስንዱ አባት! ወንበር ያንሳል ብዬ አመጣሁ።» በርጩማውን አስቀመጠች። አፍንጫዋን ወደ ላይ አነሳች። «ምን አለች እዚህ?»

«ከርከዴ ነው። ዛሬ ኮክቴል ትጠጫለሽ!»

ጨርቁን ገለጥኩላት። ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች። ምንም ሳትነካ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

«በየትኛው ጋን ሠራኸው?»

«በዚሁ።»

«ይሄ ጠላ ነው።»

«ጠላ አይደለም፣ ከርከዴ ነው አልኩሽ።»

«ከርከዴ ገባ። ጋኑ ግን ጠላ ነው። ይሄ አረፋ ምንድን ነች?»

«ጋዝ ነዋ። ጥሩ ነው።»

«ጋዝ!» አፏን በእጇ ያዘች። «ወላሂ የስንዱ አባት፣ አንተ ጠጅ ጣለች!»

ያን ጊዜ ሸተተኝ። ያ ሁሉ ግራዋ፣ ያ ሁሉ ፀሐይ ምንም አላደረገም። አለምነሽ ስንት ዓመት ጠላ የጠመቀችበት ሸክላ፣ ሲደርቅ ሽታውን ውጦ ቆይቶ፣ ውሃና ማር ሲያገኝ መልሶ ተፋው። ጌሾው እንደ ሰው ትንፋሽ ከጋኑ አፍ እየወጣ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተረዱልኝ። እኛ ወሎዬዎች ከእስላም ጋር በአንድ ግቢ ያደግን ሰዎች ነን። ሥጋው ለየብቻ፣ ዕቃው ለየብቻ እንደሆነ ከጡት ጋር ነው የጠባነው። ግን ያን ሥርዓት በአፍ ነበር የማውቀው፤ በእጇ የምትጠብቀው አለምነሽ ነበረች። እሷ ስትሄድ ለካ ግማሹን ዕውቀቴን ይዛው ሄዳለች።

የአልአሚን እናት ባመጣችው በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተይው በቃ» አልኳት። «ለሚመጡት ንገሪልኝ። አሞታል በያቸው።»

«ምን አመመህ?»

«ደክሞኛል።»

«ስንዱስ?»

«አትሄድም። እዚሁ አብረን እንቀመጣለን።»

እውነቱን ልንገራችሁ። ይህን ስል ውስጤ ውስጥ የሆነ ነገር እፎይ ብሏል። ልጄ ከኔ ጋር ትቀራለች፣ ማታ ታበስላለች፣ በሩ ተዘግቶ ይኖራል፤ ማንም የኔ ጥፋት ነው አይልም፣ ጋኑ ነው። እዚያ በርጩማ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ይሄን ነው።

የአልአሚን እናት መሬት ላይ ቁጢጥ አለች፣ ፊት ለፊቴ፣ እንደ እኩያ።

«አልአሚን ኩርሙክ ለሥራ ሲሄድ እኔ ሂድ አልኩ» አለች። «ሂድ አልኩ፣ ገባሁ፣ አለቀስኩ። ሁለቱም ይሆናል። ሂድም ይሆናል፣ ለቅሶም ይሆናል።» ተነሳች። «ያ ጋን የት ነው?»

«የቱ ጋን?»

«የኔ።»

«ያንቺ ጋን እኔ ቤት ምን ይሠራል?»

መልስ ሳትጠብቅ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ጣቷን የዘር ለውዝ ወዳለበት ጋን ቀሰረች። «ይሄ ቀይ ክር አለ አይደል? አለምነሽ አሰረች። የአልአሚን እናት፣ ይሄ ያንቺ ነው፣ ጌሾ አይነካውም፣ እኔ ብሞትም አይነካውም አለችኝ። በዚህ ቤት ብርዝ ስጠጣ በዚህ ነው የጠጣሁት።»

ክሩን ነካሁት። ዓመታት ያለፉበት፣ የተቋጠረበት ቦታ የጠነከረ ክር ነው። ሚስቴ ለጎረቤቷ ቤቷ ውስጥ አንድ ጋን ሰጥታ፣ በክር ምልክት አድርጋ፣ ለኔ እንኳ ሳትነግረኝ ኖራለች። ምን ብላ ትነግረኛለች? እኔ ወንበር ላይ ነኝ።

«ተነሳ» አለችኝ። «ሰዓቱ ሄደች።»

ዘሩን ጆንያ ላይ ዘረገፍኩት። ጋኑን ሳጥብ ከጎኔ ቆማ «ከታች፣ ከታች፣ አፈር አለ» ትለኛለች እንጂ እጇን አታስገባም።

«ያዢልኝ እንጂ» ብላት፣

«እኔ አልነካም። ልጅቷ ያንተ እጅ ነው ያለችው።»

«ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«አጥሩ ቀርከሃ ነው። ሁሉ ይሰማል።»

የበፊቱን ከርከዴ ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ላስቀምጠው ብዬ አስቤ ነበር። ማር ነው፣ ያሳዝናል። ግን አንዱ ማሰሮ የእናንተ፣ አንዱ የእኛ ብዬ ቤቱን ለሁለት ልከፍለው አልፈለግኩም፤ ያን ዕለት አንድ ነገር ሁላችን እንድንጠጣ ፈለግኩ። ጋኑን አዘንብዬ ማንጎው ሥር ደፋሁት። ቀዩ ውሃ ሥሩን ዞሮ ሲፈስ ስንዱ ጓደኞቿን ቀድማ በበሩ ገባች።

«ምን እየደፋችሁ ነው?»

«ኮክቴል» አለቻት የአልአሚን እናት።

«ተበላሽቶብኝ ነው» አልኳት። «እንደገና እየሠራሁ ነው።»

ስንዱ መሬቱን አየች፣ ጋኑን አየች፣ ቀዩን ክር አየች። እጇ ወደ ቢላው ተዘረጋ። ከዚያ መልሳ ወደ ኋላዋ ያዘችው። ከንፈሯን ነክሳ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ይሄም ለሷ ከባድ ሥራ ነበር፤ አሁን ነው የገባኝ።

የአልአሚን እናት ከቤቷ ጥቁር ከርከዴና ከውሃ ማሰሮዋ የተቀዳ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣች፤ ይሄ ሥራ አይደለም፣ ብድር ነው አለች። ከርከዴውን በጥቂት የፈላ ውሃ ቀለሙን አወጣሁትና በቀዝቃዛው በረዝኩት። ማር አልቋል። ጣፋጩ ከየት ይምጣ? ቀና ብል ማንጎው። እዚያ ወድቆ ከሚበሰብሰው መሃል ዛሬ የወደቀውን፣ ያልተነካውን ለቀምኩ፤ ላጥኩ፣ በእጄ ጨመቅኩ፣ በወንፊት አጠለልኩ። ሎሚ ጨመርኩ። ዝንጅብሉን ቀጥቅጬ በጨርቅ ቋጥሬ ጣልኩበት። አንድ ጣፋጭ፣ አንድ ኮምጣጣ፣ አንድ የሚያቃጥል። ቀለሙ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚታየውን ዓይነት ሆነ።

እንግዶቹ ሲመጡ እጄ እስከ ክርኔ በማንጎ ተጣብቋል። መጀመሪያ የገባው አያ እሸቱ ነው። በሩ ላይ ቆመ፣ እንደ ልማዱ።

«ግባ እንጂ» አልኩት።

«ግባ? ማንን ነው?»

«አንተን ነው፣ ግባ!»

ገባ። ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ፣ አቧራ ነው አለ። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሳው። «መንገሻ፣ ይሄ ቀይ ነገር ለቁስል ነው ለጥም?»

«ጠጣና ንገረኝ።»

ጠጣ። አጣጣመ። «ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል።»

«ምን?»

«ስካር።»

ቤቱ ሳቀ። የስንዱ ጓደኞች፣ የእድሩ ሰዎች፣ የአልአሚን ቤተሰቦች፤ ሁሉም ለውዙን እየቆነጠሩ፣ ማንጎውን እያነሱ ቆመው ያወራሉ። ብሩክ እውነቱን ነው፤ በጣቱ የሚያነሳ ሰው ያወራል። «ይሄ ለውዝ አንዳንዱ ከሰል ነው» ይላል እሸቱ፤ «ለጥርስህ ጥሩ ነው» እለዋለሁ።

የአልአሚን አባት ግን ብርጭቆውን ይዞ አልጠጣም። ጸጥተኛ ሰው ነው፣ ሶላቱን የማያጎድል። ቀስ በቀስ ሰዎች አዩት። ወሬው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ቆመ። ስንዱ ግድግዳው ጋ ቆማ እሱን ታያለች።

«የስንዱ አባት» አለኝ፣ በትሕትና። «አታስቀይመኝ። በምን ተሠራ?»

ሸፋፍኜ ባልፈው ይሻለኝ ነበር፤ ግን ሁሉንም ነገርኩት። «መጀመሪያ በጠላው ጋን ሠርቼ ነበር። አላወቅኩም። ፈላብኝ፣ ደፋሁት። ይሄኛው የተሠራው በሌላ ጋን ነው፤ አለምነሽ ለእናንተ ለይታ ባኖረችው።»

ሚስቱን አየ። የአልአሚን እናት «በኔ ጋን ነው» አለችው።

ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። «ቢስሚላህ» አለና ጠጣ። እስከ መጨረሻው ጠጣው። ባዶውን ብርጭቆ ዘረጋልኝ። «አለምነሽን አላህ ይዘንላት» አለ። «ጨምርልኝ።»

እስከ አፉ ሞልቼ ቀዳሁለት። ከዚያ የአልአሚን አባት እጁን ዘርግቶ ለስንዱ መንገድ ዱዓ አደረገ፣ እሸቱም ተነሥቶ በኛ ወግ መረቃት። ጉዞ እንዳለ ማን እንደነገራቸው እንጃ። አጥሩ ቀርከሃ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉም ወጣ። ብርጭቆዎቹን እኔ አጠብኳቸው። ስንዱ በሩን ተደግፋ ታየኛለች።

«አባዬ፣ ማንጎው ላይ ሎሚው በዝቷል።»

«ለሚቀጥለው እቀንሳለሁ።»

«የሚቀጥለው አለ?»

«ቅዳሜ ነዋ።»

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ሰኞ እሺ እላቸዋለሁ» አለችኝ ከጨርቁ ውስጥ። እኔም «ሂጂ» አልኳት፤ ማድ ቤት ገባሁ፣ አለቀስኩ። ሁለቱም ይሆናል።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ከዚያ በኋላ ሰውየው ደስተኛ ሆነ ብላችሁ እንዳትጨርሱት። ጅጅጋ ሩቅ ነው፤ አገር ከዳር እስከ ዳር። ማታ ማታ ቤቱ ዝም ይላል፣ ጉልበቴም አልተመለሰም፤ አሁንም ደክሞኛል። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ ድካሜን ከሰው ጋር ተቀምጬ መድከም ቻልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ክፍት ነው። አንዳንዴ ብዙ ሰው ይመጣል፣ አንዳንዴ እሸቱ ብቻ ይመጣና ስካር ጎደለው ብሎ ጠጥቶ ይሄዳል። ስንዱ ትደውላለች፣ ደህና ነህ ብላ አትጀምርም፤ «ዛሬ ማን መጣ?» ትላለች።

በናንተ መንደር በሩን ዘግቶ የተቀመጠ ሽማግሌ ካለ፣ ሰው የጠላ አይምሰላችሁ። ምናልባት የሚያቀርበው ያጣ መስሎት ነው። ሙክት አያስፈልግም በሉት። ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ፣ የሚያቃጥል፤ ጥቂት ለውዝ ደግሞ፣ ቢያርም ግድ የለም። ከመጀመሩ በፊት ግን ጋኑን የሚያውቅ ሰው ይጠይቅ።

ያን ዕለት ጎረቤቴ በርጩማዋን ልትወስድ ስትመለስ፣ አጥሩ ጋ አስቆምኳት። ይሄን ሁሉ ዘመን በልጅሽ ስም ስጠራሽ ኖርኩ፣ የራስሽን አላውቅም፣ ሳመሰግን ማን ብዬ ላመስግን አልኳት። በርጩማውን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች፣ እንደ ኮረዳ አፈረች፣ ከዚያ ነገረችኝ።

ሐዋ ትባላለች።